ጾም የፈታው የጋዝ ታንከር

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የሐበሻ ሆድ ምን ምን እንደሚል በጨዋ ሰው ፊት አይወራም። እኔም ራሴን ከጨዋዎቹ ስለምቆጥር አላወራም ነበር። ዳሩ ግን የዛሬው ጉዳይ የእኔ ሆድ አይደለም፤ ከእኔ ጋር ሁዳዴን ጾሞ ከእኔ ጋር የፈታ የአንድ የብረት ሆድ ጉዳይ ነው። ያ ሆድ እጮኛዬን ሊያሳጣኝ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ምሳ እየበላችሁ ያላችሁ ካላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እኔ የትም አልሄድም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ካምፓላ የመጣሁት የምግብ ትራፊን ወደ ጋዝ ለውጦ መኪና የሚያስነዳ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮኝ ነው። ቢሯችን ኮሎሎ ነበር፣ ታንከሩ ደግሞ ፖርት ቤል አጠገብ። ኮሎሎ ስለ ቆሻሻ ይወራል፤ ፖርት ቤል ቆሻሻው ይታፈሳል። ፕሮጀክት መቼም ፕሮጀክት ነው፣ አንድ ቀን አለቀ። ፈረንጆቹ አቅፈውኝ ተሰናበቱና ሄዱ፤ ታንከሩን ግን በሻንጣ የሚወስድ ስላልተገኘ ከአንዲት አሮጌ ቫን ጋር ለእኔ ቀረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካባላጋላ ሰፈር ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ትራፊ አመጣለሁ፣ በውኃ በጥብጬ ታንከሩ ውስጥ እጨምራለሁ። ውስጥ ያሉት ዐይን የማያያቸው ፍጥረቶች ያንን በልተው ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙን በማጣሪያ አሳልፌ፣ በኮምፕሬሰር ሲሊንደር ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ፤ ቫኗ በዚያ ትሄዳለች። መጀመሪያ በቤንዚንም በጋዝም እንድትሄድ ሆና ነበር የተሠራችው። እኔ ግን "ጠብታ ቤንዚን አታይም" ብዬ ፎክሬ የቤንዚን ሰልባቲዮዋን አስፈታሁና በቦታው ሁለተኛ ሲሊንደር አስገባሁ። ሰው መመለሻውን ድልድይ ራሱ ሲያፈርስ ሌላ ጠላት አያስፈልገውም።

እጮኛዬ ሰብለ ትባላለች። ወላጆቿ ናጉሩ ነው የሚኖሩት። አባቷ ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአየር መንገድ የደኅንነት ቁጥጥር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ በፊት የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለ ይነገረዋል። ስለ እኔ ሲሰሙ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ "ቆሻሻ እየለቀመ ጋዝ ከሚጠቀጥቅ ሰው ጋር ልጄ አትኖርም።" እኔን አይተውኝ አያውቁም፣ ለማየትም አልፈለጉም። እኔ ግን በሰብለ ስልክ ላይ ፎቷቸውን ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ ቅንድባቸውን በሕልሜ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። በሁዳዴ ሽማግሌ አይላክምና ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ወሰንን። ሰብለ፣ "እባክህ ስፔሻል ሃየር፣ ኮንትራት ታክሲ ያዝላቸው" ብላ ለመነችኝ።

"በፍጹም" አልኳት። "አባትሽ ቆሻሻ ያሉት ነገር ሽማግሌ ጭኖ በራቸው ላይ ሲቆም ማየት አለባቸው።"

"ባይቆምስ?" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው ባይቆም?"

"መንገድ ላይ ቢቆምስ ማለቴ ነው።"

ይህን ስትለኝ ተቆጣሁ። የተቆጣሁት እኔም የፈራሁት እሱን ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ፋሲካው እንምጣ። ሁለት ወር ሙሉ ታንከሬ ከምግብ ቤቱ የሚወጣለት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ማቶኬ የሚሉት የሚቀቀል ሙዝ ልጣጭ ነበር። ረጋ ያለ፣ ሰላማዊ፣ ምስጉን ጾመኛ። ፋሲካ ዕለት ከሰዓት ትራፊ ልወስድ ስሄድ የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ደጅ ላይ ጠበቁኝ። አጠገባቸው የዶሮ ወጥ ቅባት፣ የበግ ሞራ፣ የክትፎ ቅቤ፣ የተረፈ እንቁላል በባልዲ በባልዲ ተደርድሯል።

ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው፤ ታንከር ምግብ ሲቀየርበት በጥቂት በጥቂቱ ነው። ስብ ሲበዛበት ሆዱ ይኮመጥጣል። ስለዚህ፣ "እትዬ፣ ዛሬ አንድ ባልዲ ይበቃኛል" አልኩ።

"ምነው ልጄ? ሰው ሁሉ ሲፈታ እሱ ምስኪን ሽሮ ይብላ?"

"እትዬ፣ ብረት እኮ ነው።"

"ብረትስ ቢሆን? ሁለት ወር አብሮን ጾሟል። በሞቴ፣ ይሄን ጨምርለት።"

"አንዱን እወስዳለሁ፣ ሌላውን ነገ..."

"በሞቴ አልኩህ። ደግሞ ይሄ ቅቤ ከአገር ቤት የመጣ ነው፣ የትም አታገኝለትም።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። በሞቴ የሚልን ሰው፣ ያውም በፋሲካ ቀን፣ እምቢ የሚል ሐበሻ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት እንተያይ። ለሰው በሞቴ ሲባል ሰውየው ቢያንስ ሆዱን ይዞ "ጠገብኩ" ይላል። ታንከር ምን ይላል? አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ባልዲውን ሁሉ ጫንኩ፣ ፖርት ቤል ወሰድኩ፣ አጎረስኩት።

በሁለተኛው ቀን የግፊት መለኪያው ጌጅ ሽቅብ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሰብለ ጋ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ ግን በመውጫው ቱቦ አረፋ ይወጣ ጀመር። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ጋዙን የምሞክርበትን ትንሽ ምድጃ ስለኩሰው ለመንደድ ያመነታል፣ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ሰው የማይፈልገውን ላለማየት ዘዴ አያጣም፤ እኔ ምድጃውን ትቼ ጌጁን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ጌጁ ሙሉ ነው ይላል። ጌጅ ግን የሚነግራችሁ ስንት እንደሞላ እንጂ ምን እንደሞላ አይደለም። የተነፋ ሆድ ሁሉ የጠገበ አይደለም። ይህንን አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ሲሊንደሮቹን ሞላሁ፣ ፖርት ቤል ሜዳው ላይ አንድ ዙር ነዳሁና "ትሄዳለች" ብዬ ለራሴ መሰከርኩ። ናጉሩ ኮረብታ መሆኑን ለማሰብ አልደፈርኩም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቼ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ቀሲስ ታምሩ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ናቸው። ጋሽ በቀለ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፣ ካምፓላ ውስጥ ያልሸመገሉት ትዳር የለም። ዶክተር ሰይፉ ደግሞ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ፤ የተጨመሩት "የተማረ ሰው አለበት" እንዲባል ነው። ደንቡ ልጁ በሽማግሌው ቀን ፊቱን እንዳያሳይ ነው፤ ቫኗን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቃት የለም። ስለዚህ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጌ እንደ ሾፌር ላደርሳቸው፣ ከዚያም መታጠፊያው ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ልደበቅ ተስማማን። ቀሲስ ፊት፣ ሁለቱ ኋላ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አቧራ እንዳይነካው መስኮቱን ሁሉ ዘጋን።

ጂንጃ መንገድ ሳንደርስ ሽታው መጣ።

አስቡት። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት፣ የተዘጋ መኪና፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎች። ማንም ምንም አልተነፈሰም፤ በሁለቱም ትርጉም ማለት ይቻላል። ጋሽ በቀለ ዶክተሩን በጎን አዩ። ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ይኼም እንደ ጥፋተኛ አስመሰላቸው። መስኮት የከፈተ ሰው ወይ ሌላውን ከሰሰ፣ ወይ ራሱን አጋለጠ። ስለዚህ ሦስቱም በይሉኝታ ታፍነው ሊሞቱ ተስማምተው ተቀመጡ። እኔ በመስታወቱ ፊታቸውን አያለሁ። "የመኪናው ነው" ብል፣ ሥራው ንጹሕ ነው ብለው ሊመሰክሩልኝ የሚሄዱትን ሰዎች አፍንጫቸው ሌላ እየመሰከረ ልወስዳቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ ሽማግሌዎቼ ሳይደርሱ ሊጣሉብኝ ነው።

ዶክተር ሰይፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጋሽ በቀለ፣ የሰሞኑ ምግብ ተስማማዎት?"

"እኔ?" አሉ ጋሽ በቀለ። "እኔ እንኳ ያው ትንሽ ቀምሼ ነው የተውኩት። እርስዎ ግን ትናንት ድግሱ ላይ ክትፎው ደጋግሞ ሲነሳልዎ አይቻለሁ።"

"ሰው የበላውን ይከታተላሉ እንዴ?"

"አልከታተልም። ፊት ለፊት ስለነበሩ ነው።"

ቀሲስ ታምሩ፣ "ኧረ ልጆቼ፣ ለጋብቻ እየሄድን ነው" አሉና መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። በአንድ ጊዜ ጥርጣሬው ካህኑ ላይ አረፈ።

ይኼንንስ አልቻልኩም። "አባቶቼ፣ ይቅርታ፣ የመኪናው ነው" አልኩ። "ፋሲካ ዕለት ቅቤ በዝቶበት ጋዙ ተበላሽቷል።"

 ከዚያ ጋሽ በቀለ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ጨዋ ልጅ ነህ" አሉ። "የሰው ገመና ይሸፍናል። ዶክተር፣ ሰምተዋል? እርስዎን እንዳያሳፍር በገዛ መኪናው አሳበበ።"

እውነት ተናግሮ የሚታመን ሰው ምንኛ የታደለ ነው።

ሉጎጎን አልፈን ወደ ናጉሩ ስንታጠፍ ቫኗ ማስነጠስ ጀመረች። ማርሽ ቀነስኩ። ጥቂት ወጣች። አሁንም ቀነስኩ። ጌጁ ሙሉ ነው እያለ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንዘፍዝፎ ዳገቱ መሐል ላይ ጸጥ አለ። የቆምነው ደግሞ ከአንድ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ብዙ ሳንርቅ ነው። ወርጄ ሁለቱንም ሲሊንደር ዘጋሁ። ቀና ስል አንድ ፖሊስ አፍንጫውን ጨብጦ አጠገቤ ቆሟል።

"ሴቦ፣ ጌታው፣ ምንድን ነው የጫንከው?"

"ሽማግሌዎች ናቸው።"

"የሚሸተው ነው ያልኩህ።"

"ምግብ ነው። ማለቴ የተበላ ምግብ። ማለቴ ሳይበላ የተረፈ፣ ከዚያ የተበላ።"

ፖሊሱ በመስኮቱ አጮልቆ ነጭ የለበሱትን ሦስት ሰዎች አየ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ሲሊንደሮቹን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ። መነጽሬን እንዳወልቅ ነገረኝ። አወለቅሁ። በመጨረሻ ነገሩ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ተረድቶ ይመስለኛል፣ "የትም ውሰደው፣ እዚህ ግን አይቆምም" አለ። ጥግ ላይ ከነበሩት የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ሾፌሮች ሁለቱን በእጁ ጠርቶ እንዲያግዙኝ አዘዘልኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ዶክተር ሰይፉ ሊወርዱ በሩን ሲከፍቱ ጋሽ በቀለ ያዟቸው። "ይቀመጡ። ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው። ሽማግሌ ሲገፋ አይታይም።" ራሳቸው ግን የመኪና ሰው ናቸውና ወደ መሪው ተሻገሩ። እኔና ሁለቱ ልጆች ከኋላ ሆነን መግፋት ጀመርን። ቫኗ ፈቀቅ ትላለች፣ ትመለሳለች። እንደገና ፈቀቅ ትላለች። የመመለሷ ፍርሃቴ ከመውጣቷ ተስፋዬ በለጠ።

በዚህ መሐል አንድ ጠንካራ እጅ ከእጄ አጠገብ በሩ ላይ አረፈ። "አይዞህ፣ ግፋ" አለኝ በአማርኛ። ዞር አልኩ። የስፖርት ቱታ፣ ነጭ ጢም፣ ያ ቅንድብ። ጋሽ ደምሴ ከእሁድ የእግር ጉዟቸው እየተመለሱ ነበር።

እግዚአብሔር ጨካኝ ነው አልልም። ቀልድ ይወዳል ግን እላለሁ። ለእኔ ሊለምኗቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ጋሽ ደምሴ ከእኔ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ወደ ራሳቸው በር ይገፉልኝ ጀመር።  ኮፍያዬን ወደ ታች ሳብኩ።

"የት ልትደርሱ ነው?" አሉኝ።

"እዚሁ ቅርብ ነው ጋሼ። እኔ እንኳ ሾፌር ብቻ ነኝ።"

"ሽታው ምንድን ነው?"

"ጋዝ ነው። ከምግብ ትራፊ የሚሠራ።"

እጃቸው ከበሩ ላይ የሚነሳ መሰለኝ፤ አልተነሳም። "ሲሊንደሩን ዘግተኸዋል?"

"ዘግቻለሁ። ሁለቱንም።"

"ሰው ሳይወርድ ወይስ ከወረደ በኋላ?"

"ወዲያው እንደቆመች ነው፤ ከሁሉ በፊት።"

"መጋጠሚያዎቹንና ቱቦውን መጨረሻ የፈተሸው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ሳላስበው።

"ሾፌር ነኝ አላልክም?"

መልስ አልሰጠሁም። ትንፋሽ አጠረኝ ብዬ አሳበብኩ፤ ደግሞም አጥሮኝ ነበር። ሳያዩኝ ጥቂት ገፋን። ከዚያ፣ "ታዲያ ለምን ቆመች?" አሉ።

አሁን ብዋሽ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ ሞተር የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ከንፈሬንም ያያሉ። ደግሞ ደክሞኛል፤ የደከመ ሰው ውሸት አይሆንለትም። "በእኔ ጥፋት ነው" አልኩ። "ፋሲካ ዕለት ስብና ቅቤ አበዛሁበት። እንደማይሆን አውቃለሁ። ምልክቱንም አይቻለሁ፣ እሳቱ አልነድ ብሎኝ ነበር። ግን ዛሬ እንድትሄድ በጣም ስለፈለግሁ እንዳላየሁ ሆንኩ።"

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አጠንክረው ገፉ። ፊታቸውን ለማየት ፈራሁ። "እኛ ሥራ ላይ ስህተት የሠራ አይባረርም ነበር" አሉ። "ሁሉም ይሳሳታል። የሚባረረው የደበቀ ነው።"

ይህ ለእኔ ይሁን በእኔ ላይ አልገባኝም። ደብቄ ነበር። ከዚያ ደግሞ ተናግሬአለሁ። በየትኛው ነው የምዳኘው እያልኩ ስጨነቅ የቤታቸው አረንጓዴ በር ጋ ደረስን፤ ጋሽ ደምሴ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ራሳቸው ከፈቱት። ሽማግሌዎቼ በመስኮት ሲያዩ የቆዩትን ገፊ ማንነት ያን ጊዜ ተረዱ። ቀሲስ አማተቡ። ሦስቱም ነጠላቸውን አስተካክለው ወርደው ገቡ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩና፣ "አንተ ከመኪናው አትራቅ" አሉኝ።

አልራቅሁም። የቫኗ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሰብለ ከውስጥ በስልክ ትጽፍልኛለች።

"ቁጭ በሉ ሲባሉ አንቀመጥም ብለዋል።"

ይህ ደንብ ነው፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም። ደንብ መሆኑን ባውቅም እኔም አብሬያቸው ቆምኩ።

"አሁንም ቆመዋል። አባዬ ምንም አይልም።"

ቀጥሎ ምንም አልመጣም። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ሰማይ አነሳሁት። ሰብለን ባጣ ምን እንደምሆን አሰብኩ። ፖርት ቤል፣ ታንከሩና እኔ፣ ሁለታችንም ሆዳችን ታሞ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ።

"ጋሽ በቀለ ልጁ የሰው ገመና ሸፋኝ ነው እያሉ ነው። ዶክተሩ በጣም ተናደዋል።"

ከዚያም፣ "አባዬ ሳቀ።"

ከዚያም፣ "ተቀመጡ።"

ሲወጡ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ሽማግሌ ፊቱን እንዴት እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። ዶክተር ሰይፉ ስፔሻል ሃየር ጠርተው ሦስቱም ገቡ፤ ዶክተሩ ከጋሽ በቀለ ርቀው ፊት ተቀመጡ። ማንም ቃል ሳይነግረኝ ሄዱ። ጋሽ ደምሴ ሊሸኙ ወጥተው ስለነበር ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"ባለቤቱ አንተ ነህ" አሉ።

"አዎ ጋሼ። ከመጀመሪያው አውቀውኛል?"

"እዚህ መንገድ ላይ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች በእሁድ ማንን ፍለጋ ይወጣሉ?" ቫኗን ዞረው አዩዋት፣ ጎንበስ ብለው የሲሊንደሩን መዝጊያ በጣታቸው ሞከሩ። "ዛሬ መልስ አልሰጠሁም። ቀጠሮ ነው የሰጠኋቸው።"

ልጁን የማይሰጥ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። እኔም "እሺ" አልኩ።

"ታንከሩን ምን ልታደርገው ነው?"

"ምንም አልሰጠውም። እስኪሻለው አስጾመዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ስብ የሌለው ነገር፣ በጥቂት በጥቂቱ። ልጣጭ፣ ጎመን፣ እንደዚያ ያለ።"

ጋሽ ደምሴ ለመግባት በሩን ያዙ፣ ከዚያ ቆም አሉ። "ከእኛ ቤት በየቀኑ የማቶኬ ልጣጭ ይወጣል" አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። "ነገ ጠዋት መጥተህ ውሰድ።"

በማግስቱ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ባዶ ባልዲ ይዤ የማቶኬ ልጣጭ ልቀበል ናጉሩ ወጣሁ። በቦዳ።